የቅንጦት ስፖርት መኪና ለመወዳደሪያ ሜዳ ሲዘጋጅ፦ ከፈረስ ጉልበት የሚቀድሙ ነገሮች

በምዕራብ ጀርመን፣ በአይፍል ኮረብታዎች መካከል የሚጠማዘዘው የኑርቡርግሪንግ ሰሜናዊ መንገድ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። ርዝመቱ 20.8 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከ70 በላይ ኩርባዎች አሉት፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ሥፍራው መካከልም 300 ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት ይገኛል። መንገዱ ለውድድርና ለፋብሪካዎች ሙከራ በማይውልባቸው ጊዜያት ለሕዝብ ክፍት ስለሚሆን፣ መንጃ ፈቃድ ያለውና ክፍያውን የፈጸመ ሰው የራሱን መኪና ይዞ ሊገባበት ይችላል። በዱባይና በአቡ ዳቢ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካም ተመሳሳይ ዕድል የሚሰጡ ሜዳዎች አሉ።

ወደ እነዚህ ሜዳዎች ከሚገቡት መኪኖች መካከል ባለ ሁለት በር የቅንጦት ስፖርት መኪኖች ይገኙበታል። ለትምህርት የሚያመች ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ የቀረበው ቢኤምደብሊው ኤም 4 ነው። ሞተሩ ሦስት ሊትር መጠን፣ በአንድ መስመር የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮችና ሁለት ቱርቦዎች ያሉት ሲሆን፣ 431 የፈረስ ጉልበት ወይም 317 ኪሎዋት ያመነጫል። ጣሪያው ክብደት ለመቀነስ ከካርቦን ፋይበር ተሠርቷል። ውስጡ ግን የቆዳ መቀመጫ፣ የድምፅ ማጉያና የድምፅ መከላከያ ንጣፍ የተሟላለት የምቾት መኪና ነው።

የዚህ ዓይነት መኪና ባለቤት ማሻሻያ ሲያስብ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚታየው የሞተሩን ጉልበት መጨመር ነው። የፊዚክስ ሕግ ግን ሌላ ቅደም ተከተል ያስቀምጣል።

ፍሬን ከሞተር ይበልጣል

የሚንቀሳቀስ አካል የሚይዘው ኃይል ከክብደቱ ጋር በቀጥታ፣ ከፍጥነቱ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። ፍጥነት በ10 በመቶ ሲጨምር በፍሬን መዋጥ ያለበት ኃይል በ21 በመቶ ይጨምራል ማለት ነው።

ከነአሽከርካሪው 1,650 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እየበረረ ወደ ኩርባ ቢቃረብና ፍጥነቱን ወደ 80 ቢቀንስ፣ 2.1 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ይህ ሙቀት ከ6 ሊትር በላይ ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ለማድረስ ይበቃል። ምድጃ ላይ ረጅም ደቂቃዎች የሚወስደውን ሥራ ፍሬኑ ከ3 እስከ 4 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈጽመዋል። ወደ ኪሎዋት ሲመነዘር ከ500 በላይ ይሆናል፤ ከሞተሩ 317 ኪሎዋት እጅግ የላቀ ነው። ከዚህ ላይ የአየር ግጭት ጥቂቱን ቢወስድም አብዛኛው በዲስኮቹና በፍሬን ሸራዎቹ ላይ ያርፋል። በከተማ መንገድ ይህን ያህል ሙቀት የሚፈጠረው አልፎ አልፎ ሲሆን፣ በመወዳደሪያ ሜዳ ግን በየኩርባው ይደጋገማል።

አደጋው የሚመጣው ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲሻገር ነው። በብዙ መኪኖች ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የተባለው ደረጃ አዲሱ ዘይት ከ230 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንዳይፈላ ይጠይቃል። ያው ዘይት 3.7 በመቶ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚፈቀደው ዝቅተኛ የመፍያ ሙቀት 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል። አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ ግፊቱ ወደ ጎማዎቹ ከመድረስ ይልቅ አረፋውን ይጨምቃል፤ እግሩም እስከ ወለሉ ድረስ ይወርዳል። መኪናው ከአንድ ደቂቃ በፊት በሚገባ ይቆም ስለነበር ይህ ያለ ብዙ ማስጠንቀቂያ ሊከሠት ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማሻሻያ ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ከፍ ያለ የመፍያ ሙቀት ያለው አዲስ የፍሬን ዘይት መሙላት። ቀጥሎ ከፍተኛ ሙቀት የሚችሉ የፍሬን ሸራዎች ይመጣሉ። እነዚህ ሸራዎች በበኩላቸው ሲቀዘቅዙ በደንብ አይዙም፣ ይጮኻሉ፣ ዲስኩንም ቶሎ ይበላሉ። ጠዋት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ለሚያደርስ መኪና የውድድር ሸራ መግጠም ደኅንነትን የሚቀንስ ምርጫ ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

ጎማና የአየር ግፊቱ

መኪና መሬትን የሚነካው እያንዳንዳቸው የእጅ መዳፍ በሚያክሉ አራት ሥፍራዎች ብቻ ነው። ጉልበትም፣ ፍሬንም፣ መሪም የሚሠሩት በእነዚህ ሥፍራዎች በኩል ነው።

ጎማ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ግፊት ይጨምራል። የጎማ መለኪያ የሚያሳየው ከከባቢ አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፤ 2.2 ባር ሲያሳይ እውነተኛው ግፊት 3.2 ገደማ ነው። በ20 ዲግሪ የተነፋው ይህ ጎማ በሜዳው ላይ 80 ዲግሪ ቢደርስ መለኪያው ወደ 2.85 ባር ይወጣል። ከመጠን በላይ የተወጠረ ጎማ መሐሉ አብጦ መሬት የሚነካው ስፋቱ ይቀንሳል፤ መኪናውም ይንሸራተታል። ልምድ ያላቸው አሽከርካሪዎች ጎማው እንደሞቀ ለክተው ትርፉን አየር የሚያስተነፍሱት ለዚህ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ግን የመልስ ጉዞውን ነው። ሙቅ ሆኖ ወደ 2.3 ባር የተስተካከለው ያው ጎማ ሲቀዘቅዝ 1.7 አካባቢ ይወርዳል። በዚህ ግፊት በፈጣን አውራ ጎዳና ወደ ቤት መመለስ የጎማውን ጎን ያጥፋል፣ ያግላል፣ እስከ መፈንዳትም ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ ወደ ቤት ከመነሣት በፊት ጎማውን እንደገና መንፋት ያስፈልጋል።

በኩርባ ላይ የመኪናው አካል ወደ ውጭ ስለሚያዘነብል፣ የውጭው ጎማ በትከሻው ብቻ ይቆማል። መካኒኮች ይህን ለመከላከል የጎማዎቹን አናት በጥቂቱ ወደ ውስጥ ያጋድላሉ። በሜዳው ላይ መያዙ ይጨምራል፤ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ግን የጎማው ውስጠኛ ጠርዝ ቶሎ ያልቃል። ሞላና አሞርዛተር ማጠንከርም ልክ አለው። እንደ ኑርቡርግሪንግ ባለ ወጣ ገባ መንገድ ላይ ከልክ በላይ የጠነከረ መኪና ጎማው ከመሬት እየተላቀቀ ይዘልላል፤ በአየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ መኪናውን አይዝም።

ጉልበት በማቀዝቀዣ ይወሰናል

የቱርቦ ሞተር አየርን ሲያምቅ ያሞቀዋል። ኤም 4 የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው በውኃ ዑደት ነው። ዑደቱ ሙቀቱን ማስወገድ ሲያቅተው ኮምፒውተሩ ሞተሩን ከጉዳት ለመጠበቅ ጉልበቱን ይቀንሳል። ስለዚህ የሞተሩን ሶፍትዌር ቀይሮ የፈረስ ጉልበት የጨመረ፣ ማቀዝቀዣውን ግን ያልነካ ባለቤት፣ የገዛውን ጉልበት ከጥቂት ዙር በኋላ ሊያጣው ይችላል።

ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 በተወሰነ ቁጥር ባመረተው ኤም 4 ጂቲኤስ ላይ የተከተለው መንገድ ትምህርት ሰጪ ነው። ጉልበቱን ወደ 500 ያሳደገው ወደ ሞተሩ በሚገባው አየር ላይ ደቃቅ የውኃ ርጭት በመጨመር ነበር። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ ሲተን 2.26 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። ይህም ከላይ ፍሬኑ በአንድ ኩርባ ከዋጠው ሙቀት ጋር ይቀራረባል። የቀዘቀዘ አየር ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነና ነዳጁ ያለ ጊዜው እንዳይቀጣጠል ስለሚረዳ፣ ሞተሩ የበለጠ ጉልበት በደኅና ማውጣት ይችላል።

የውስጥ ክፍል፦ ውበት ወይስ መሣሪያ?

የመኪና ውስጥ ማሻሻያ ሲባል ለብዙዎች የሚታሰበው የካርቦን ጌጥ፣ የመብራት ቀለምና አዲስ ቆዳ ነው። ለፈጣን መንዳት ግን የመጀመሪያው ጥያቄ አሽከርካሪው እንዴት ተቀምጧል የሚለው ነው። ጥሩ ጎማ በገጠመ መኪና ኩርባ ላይ፣ 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ከክብደቱ ጋር በሚቀራረብ ኃይል ወደ ጎን ይገፋል። መቀመጫው ካልያዘው ራሱን የሚደግፈው መሪውን በመጨበጥ ነው፤ በመሪው የሚደገፍ እጅ ደግሞ የጎማውን ንዝረት በስሱ ሊያዳምጥ አይችልም። ጎኖቹ ከፍ ያሉ መቀመጫ ሰውነትን ሲይዝ እጅ ለመንዳት ነጻ ይሆናል። እንደ ቀጭን ከፈፍ ያለ ጨርቅ የለበሰ መሪም ላብ ባለበት እጅ ውስጥ አይንሸራተትም፤ ብርሃንም አያንጸባርቅም።

ከዚህ በኋላ ያለው ግን ጥንቃቄ የሚሻ ነው። በፋብሪካ የተገጠሙት መቀመጫ፣ በሦስት ነጥብ የሚያዘው የደኅንነት ቀበቶና ኤርባግ አብረው እንዲሠሩ ተቀናጅተው የተሞከሩ ናቸው። አንዱን መለወጥ ሌሎቹን ይነካል። የጎን ኤርባግ ያለበት መቀመጫ ሲወጣ ኤርባጉም አብሮ ይወጣል። በዳሽቦርዱ ላይ የሚበራውን የማስጠንቀቂያ መብራት በኤሌክትሪክ ብልሃት ማጥፋት ይቻላል፤ የጠፋውን ጥበቃ ግን አይመልስም።

የውድድር ቀበቶም እንዲሁ ነው። ትከሻን ከመቀመጫው ጋር አጥብቆ ሲያስር፣ መኪናው ተገልብጦ ጣሪያው ቢረገጥ አሽከርካሪው ወደ ጎን ማዘንበል አይችልም። ስለዚህ ጣሪያውን የሚደግፍ የብረት ማዕቀፍ ያስፈልገዋል። ማዕቀፉ በተራው በከተማ መንገድ ላይ የራስ ቁር ላላደረገ ጭንቅላት አደገኛ ነው። ጂቲኤስ የኋላ መቀመጫዎች ያልተገጠሙለትና ማዕቀፉም በአማራጭ ከፊት መቀመጫዎች በስተኋላ ብቻ የቀረበለት መሆኑ ይህን ችግር በከፊል ያቃልላል።

ሰውነት ከታሰረ በኋላ የሚቀረው ጭንቅላት ነው። በኃይለኛ ግጭት ትከሻ ሲቆም የራስ ቁር የተጫነው ጭንቅላት ወደ ፊት ይወረወራል፤ ጉዳቱም በራስ ቅል ሥር ላይ ያርፋል። በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የባዮሜካኒክስ ፕሮፌሰር የነበሩት ሮበርት ሀባርድ፣ ከተወዳዳሪው ጂም ዳውኒንግ ጋር በመሆን የራስ ቁርን ከትከሻ ጋር የሚያያይዘውን ሃንስ የተባለ መሣሪያ በ1980ዎቹ ሠርተው ነበር። ብዙ ተወዳዳሪዎች አይመችም በማለት ለዓመታት ሳይቀበሉት ቆዩ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 ታዋቂው አሜሪካዊ ተወዳዳሪ ዴል ኧርንሃርት በዴይቶና ሜዳ መሣሪያውን ሳያደርግ በተመሳሳይ ጉዳት ሕይወቱ አለፈ። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ናስካር ውድድር የጭንቅላትና የአንገት መያዣን ግዴታ አደረገ፤ ፎርሙላ ዋንም እ.ኤ.አ. በ2003 ተከተለ።

ከጋራዡ ከመውጣት በፊት

በጀርመን የመኪናን አሠራር የሚለውጥ ማሻሻያ ፈቃድ ካለው ተቆጣጣሪ ማረጋገጫ ይሻል፤ ካላገኘ መኪናው በሕዝብ መንገድ የመንቀሳቀስ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። ብዙ የመድን ውሎችም በመወዳደሪያ ሜዳ የሚደርስ ጉዳትን አይሸፍኑም። ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ከማንኛውም ዕቃ ግዢ ይቀድማል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ የአየሩ ሙቀት ራሱ የማቀዝቀዣውን አቅም ስለሚቀንስ፣ ዙሮችን ማሳጠርና ከእያንዳንዱ ፈጣን ዙር በኋላ በዝግታ እየነዱ ፍሬኑንና ሞተሩን ማቀዝቀዝ ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። አስቀድሞ ከአሠልጣኝ ጋር መንዳትን መማር፤ ከዚያ የፍሬን ዘይትና ሸራ፤ ቀጥሎ ጎማና ግፊቱ፤ ከዚያም መቀመጫና ማቀዝቀዣ፤ በመጨረሻ፣ ያውም ካስፈለገ፣ የፈረስ ጉልበት። መኪናው ለሜዳም ለቤተሰብም የሚያገለግል ከሆነ፣ በየደረጃው ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህ ለውጥ ነገ ጠዋት በዝናብ ውስጥ፣ ልጆች ከኋላ ተቀምጠው ሳሉ እንዴት ይሠራል? መልሱ የማያረካ ከሆነ ለውጡን መተው ወይም ለሜዳ ብቻ የሚሆን ሌላ መኪና ማዘጋጀት የተሻለ ነው።