አንድ ምሳ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ማለት የአእምሮ ሕመም ማለት አይደለም። የአእምሮ ሕመም ደህና የነበረውን ሰው በማናቸውም ዕድሜ ሊይዘው ይችላል፤ በሕክምናም ሊሻለው ይችላል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ግን ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ ነው። ልጁ ለመናገር፣ ለመማር፣ ገንዘብ ለመቁጠር፣ ራሱን ለመቻል ከእኩዮቹ ይዘገያል። አንዳንዶቹ ጥቂት እርዳታ ይበቃቸዋል። ሌሎቹን ደግሞ የሚያለብሳቸው፣ የሚያጥባቸውና የሚያጎርሳቸው ሰው ያስፈልጋል። መማር ግን ይማራሉ፤ ቀስ ብለው ይማራሉ።

በአገራችን እንዲህ ያለውን ልጅ በአብዛኛው የምታሳድገው እናቱ ናት። በአሜሪካና በብዙ የአውሮፓ አገሮች ግን መንግሥት ለረጅም ዘመን ትልልቅ ቤቶች እየሠራ እነዚህን ሰዎች በአንድነት ሰብስቦ ያኖራቸው ነበር። ሐኪሞችም ወላጆችን «ለልጁም ለእናንተም የሚሻለው ይህ ነው» ይሏቸው ነበር። ታዲያ እንዲህ ያለው ቤት ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? በግንቡ ነው? በአልጋው ብዛት ነው? እኛ የመረጥነው መለኪያ ሌላ ነው። እሱን ለማሳየት ስለ አንድ የአሜሪካ ቤት እንናገር። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በኒውዮርክ ከተማ፣ ስታተን አይላንድ በምትባለው ደሴት ላይ ዊሎውብሩክ የሚባል የመንግሥት ቤት ነበር። የተከፈተው በ1947 ነው። ስሙ ትምህርት ቤት ይባል እንጂ ትምህርት የሚያገኙት ጥቂቶች ነበሩ። የተሠራው ለ4,000 ሰዎች ሲሆን በ1965 ከ6,000 በላይ ሰዎች ታጭቀውበት ነበር። በዚያው ዓመት ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ ሳይታሰቡ ገብተው አዩት፤ የእባብ ጉድጓድ ነው አሉ። ነገሩ ለጥቂት ጊዜ ተወራ፤ ከዚያ ተረሳ።

በዚያ ቤት ማይክል ዊልኪንስ የሚባል ሐኪም ይሠራ ነበር። ወላጆች ተደራጅተው ለልጆቻቸው የተሻለ እንክብካቤ እንዲጠይቁ በማበረታታቱ ከሥራው ተባረረ። የበሩ ቁልፍ ግን በእጁ ቀርቶ ነበር። በ1972 መጀመሪያ ጄራልዶ ሪቬራ ለሚባል ወጣት የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ስልክ ደወለለት። ካሜራ ይዘው ገቡ። ያዩትን አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አየው። ራቁታቸውን የሆኑ ልጆች ወለል ላይ ተኮራምተዋል፤ በራሳቸው ቆሻሻ ተለውሰዋል። ለሃምሳ ያህል ልጆች አንድ ተንከባካቢ ብቻ ነው ያለው።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የያዘን ግን ሐኪሙ ስለ ምግብ የተናገረው ነው። አንድን ልጅ ለማብላት ስንት ጊዜ ያስፈልጋል ቢሉት፣ የራስህን ልጅ ለማብላት የሚፈጅብህን ያህል፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አለ። በዚህ ቤትስ? ቢሉት ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው አለ።

ሦስት ደቂቃ! አንድ ጉርሻ ጠቅልሎ፣ አጉርሶ፣ እስኪውጥ ጠብቆ፣ ሁለተኛውን ለመጠቅለል ስንት ጊዜ ይፈጃል? ልጅ ያበላ ሰው ያውቀዋል። በሦስት ደቂቃ ግን መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። በማንኪያ በላይ በላዩ ይጨመራል። ልጁ ያልዋጠው ሳያልቅ ሌላ ሲጨመርበት ትን ይለዋል። ምግቡ ወደ ሆዱ መውረዱ ቀርቶ በአየር ቧንቧው ወደ ሳምባው ይገባል። ሳምባ ውስጥ የገባ ምግብ የሳምባ ምች ያመጣል፤ የሳምባ ምችም ይገድላል። በወረቀቱ ላይ «በሳምባ ምች ሞተ» ተብሎ ይጻፋል። ልጁን የገደለው ግን ጥድፊያው ነው። (ይህ ነገር ቤታችን ላለነውም ይጠቅማል። ልጁን ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ትንሽ ትንሽ ማጉረስ፣ መዋጡን አይቶ መድገም ነው። ተንጋሎ የሚበላ ልጅ ቶሎ ትን ይለዋል።)

ተንከባካቢዋን ብቻ ብንወቅስ ግን ፍርድ አይሆንም። ሃምሳ ልጅ እየጠበቃት በሁለት እጇ ምን ታድርግ? ሁሉንም ታጉርስ ብንል፣ ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ ብትሰጥ 1,000 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህም ከ16 ሰዓት በላይ ነው። ያውም ለአንድ ምሳ! እናንተም ሂሳቡን ሥሩት።

በዚያ ቤት ካደጉት አንዱ በርናርድ ካራቤሎ ነው። በ3 ዓመቱ ገብቶ 18 ዓመት ኖረበት። በኋላ ሲታይ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አልነበረበትም። የነበረበት ሴሬብራል ፓልሲ ነው፤ ይህም ሰውነትን እንደ ልብ እንዳያዙትና ጥርት አድርገው እንዳይናገሩ የሚያደርግ ጉዳት ነው። እሱን ለመስማት ትንሽ መታገሥ ያስፈልግ ነበር። የታገሠው ሰው ግን ከየት ይምጣ?

ወላጆቹ በ1972 መንግሥትን ከሰሱ። በ1975 በፍርድ ቤት የጸና ስምምነት ተደረገ። በትልቁ ቤት የሚቀሩት ከ250 እንዳይበልጡ፣ ሌሎቹ በየሰፈሩ በትንንሽ ቤቶች ጥቂት ጥቂት ሆነው እንዲኖሩ ተባለ። «አጠገባችን አይምጡብን» ያሉ ጎረቤቶችም ነበሩ። ዊሎውብሩክ በ1987 ተዘጋ።

እንግዲህ ቤቱ ትንሽ ከሆነ፣ ገንዘብም ካለ ሁሉ ይስተካከላል ማለት ነው? አይደለም። በእንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ከተማ አጠገብ ዊንተርቦርን ቪው የሚባል የግል ሆስፒታል ነበር። የሚይዘው 24 ሰው ብቻ ነው። ለአንድ ሰው በሳምንት በአማካይ 3,500 ፓውንድ ይከፈልበት ነበር። አንድ ነርስ በሽተኞቹ እንደሚበደሉ ለአለቆቹም ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ደጋግሞ አመለከተ፤ የሰማው የለም። በ2011 የቢቢሲ ቴሌቪዥን ሰው ሠራተኛ መስሎ ገብቶ በድብቅ ቀረጸ። ሠራተኞቹ በሽተኞቹን ሲመቱ፣ ሲጎትቱ፣ ሲያፌዙባቸው ታየ። ቤቱ ተዘጋ። 11 ሠራተኞች ጥፋተኞች ሆነው በ2012 ስድስቱ ታሰሩ። እዚህ ጊዜ ሞልቶ ነበር፤ ለሰዎቹ አልዋለም እንጂ። ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት ነገር አልነበራቸውም። ደግሞ አንድ ነገር ልብ እንበል። ቤተሰብ ሊጠይቅ ሲመጣ መኝታ ክፍሉ ድረስ እንዲገባ አይፈቀድለትም ነበር።

ስለዚህ እኛ እንዲህ ያለ ቤት ሄደን እንድናይ ብንጠየቅ የምንመርጠው የምሳ ሰዓትን ነው። እንመጣለን ብለን አናስታውቅም። ወለሉ ተወልውሏል ወይ ብለን አንጀምርም፤ ለእንግዳ ሲባል ወለል ይወለወላል። የምታጎርሰው ሠራተኛ ተቀምጣ ነው ወይስ ቆማ? ልጁን በስሙ ትጠራዋለች? ልጁ በቃኝ ብሎ ፊቱን ሲያዞር ምን ታደርጋለች? የለበሰው ልብስ የራሱ ነው ወይስ ከክምር ውስጥ የደረሰው? ከዚያ የሚተኛበትን እንይ እንላለን። «ዛሬ አይመችም፤ ሌላ ቀን ይሁን» ካሉን ነገ ተመልሰን እንመጣለን፤ ያውም በምሳ ሰዓት።