ልጅን መላክና ልጅን ማስተማር

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ርእስ ሲሰሙት ተራ ይመስላል፤ ይኸውም ሕፃናትን የዕለት ተዕለት የኑሮ ሥራ ስለ ማስተማር ነው። ከመካከላችን ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅት የሌለው ጥቂት ነው። እናትና አባት እርሻና ገበያ ሲውሉ ሕፃናቱን የሚጠብቀውም አብዛኛውን ጊዜ ወጣቱ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከወላጆች እኩል እኛን ይመለከታል።

በአገራችን ልጅን መላክ እንደ ማስተማር ይቆጠራል። «ሂድ ጨው ግዛ፣ ውኃ አቀብል፣ በሩን ዝጋ» ስንለው የዋለ ልጅ ሥራ የለመደ ይመስለናል። ነገር ግን የተላከ ልጅ የተማረው መሮጥን ብቻ ነው። የ6 ዓመት ልጅ 50 ብር ይዞ ለጨው ሲላክ፣ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ካልተነገረውና መልሱ ስንት መሆን እንዳለበት አብሮን ካልቆጠረ፣ ባለሱቁ የሰጠውን ጨብጦ ይመጣል፤ መልሱ ከጎደለ ደግሞ ኩርኩም ይቀምሳል። ከመላኩ በፊት ቁጭ አድርገን «ጨው 20 ብር ቢሆን ስንት ይመለስልሃል?» ብለን ብንጠይቀው፣ ሲመለስም መልሱን ራሱ እንዲቆጥርልን ብናደርግ፣ ያው መንገድ ትምህርት ይሆነው ነበር። የሚፈጀው ጊዜ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም።

በዚህ ረገድ ባላገሩ ከእኛ ከከተማ ልጆች ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ባላገር ልጁን በደረጃ ያሳድጋል። መጀመሪያ ጥጃ ያስጠብቀዋል፤ ጥጃ ከደጅ አይርቅም፣ ቢጠፋም ቶሎ ይገኛል። ቀጥሎ ፍየልና በግ፣ ከዚያ ከብት፤ ክንዱ ሲጠና ደግሞ አባቱ አጠገቡ ቆሞ አንድ ሁለት ትልም እርፍ ያስይዘዋል። ሴቷም ልጅ በእቃቃ ጨዋታዋ ከጭቃ ድስት ሠርታ ትጀምራለች፤ ከዚያ ለአቅሟ የምትመጥን ትንሽ ገንቦ፣ ከዚያ ወጥ ማማሰል፣ በመጨረሻ ምጣድ። ይህ ማንም በወረቀት ያላሰፈረው ሥርዓተ ትምህርት ነው። ከተማ ውስጥ ግን፣ እንደ አዲ አርቃይ ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በተቀመጠች ከተማም ጭምር፣ የደረጃው መካከል ተቆርጧል። ልጁ ወይ «አትንካ!» ይባላል፣ ወይም ሳይዘጋጅ ሙሉው ሸክም ይጫንበታል።

ለምሳሌ ያህል ውኃን እንውሰድ። ቢጫው ጀሪካን ሲሞላ 20 ሊትር ነው፤ ይህም 20 ኪሎ ማለት ነው። የ6 ዓመት ልጅ ራሱ ከዚያ ብዙም አይከብድም። እንግዲህ ራሱን የሚያህል ነገር አሸክመነው ሲጎትተውና ሲያፈሰው እንቆጣለን። የ3 ሊትር የዘይት ዕቃ ቢሰጠው ግን መቅዳትን ብቻ ሳይሆን የቀረውንም ይማራል፤ ዕቃውን አስቀድሞ ማለቅለቅ፣ ሞልቶ መክደን፣ የመጠጥ ውኃውን ከእንስራ በንጹሕ መቅጃ ማውጣትና እጁን ነክሮ አለመጨለፍ። እነዚህ ከመሸከሙ የሚበልጡ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ግን ማንም አያሳየውም።

በዚያው ውኃ ፊት መታጠብም አለ። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታው በሕፃናት ዓይንና አፍንጫ ፈሳሽ፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ እየተደጋገመ ሲይዝ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ሽፋሽፍቱ ዓይኑን እየፋቀ ያሳውራል። ፊት ለመታጠብ አንድ ኩባያ ውኃ ይበቃል። ወንዙ ሩቅ ቢሆንም እንኳ አንድ ኩባያ አይጠፋም። ትልቁ ነገር ሕፃኑ በሌላ ሰው ነጠላ ጫፍ ፊቱ እየተጠረገ ከማደግ ይልቅ ራሱ መታጠብን መልመዱ ነው።

«ወንድ ልጅ ማጀት ምን ሊሠራ?» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በወረዳችን ስሙ የታወቀው የዋልድባ ገዳም መነኮሳት እህል የማይቀምሱ ናቸው፤ ቋርፉን የሚያዘጋጁት ግን ራሳቸው ወንዶቹ ናቸው። የቆሎ ተማሪውንም እናስታውስ። ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ለዜማና ለቅኔ ከወላጆቹ ቤት የሚርቀው ገና ለጋ ሳለ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ቁራሽ ይለምናል፤ ያገኘውን እንዳይሻግት ያሰጣል፤ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ጎጆውን ይጠግናል፣ የተቀደደውን ይሰፋል። የጎንደር ሊቃውንት ብዙዎቹ በዚህ ያለፉ ናቸው። ይህን ሁሉ ለአዲሱ ልጅ የሚያሳየውም አብዛኛውን ጊዜ የኔታ ሳይሆኑ ከእርሱ ቀድሞ የመጣው ተማሪ ነው። ስለዚህ ታላቅ ታናሹን ማስተማሩ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬም ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ በከተማ ቤት ተከራይተው፣ ከቤት በመጣ ስንቅ የሚማሩ ወንዶች ልጆች ሽሮ መሥራት ባለማወቃቸው ደረቅ እንጀራ ሲበሉ እናያለን፤ ሽሮ ደግሞ በአንድ ቀን ይለመዳል።

ስለ እሳት ሲሆን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ልጅ ማንደድን ከመማሩ በፊት ማጥፋትን ይማር። ጉልቻው አጠገብ የተንጠለጠለ ቀሚስና ነጠላ እንደማያስፈልግ፣ ልብሱ ቢያያዝ መሮጥ ትቶ መሬት ላይ መንከባለል እንዳለበት በጨዋታ መልክ እናለማምደው። የተቃጠለ ገላ ላይ በየቤቱ ሊጥ፣ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና ሲቀባ ይታያል። ይህ ቁስሉን ያባብሳል። የሚረዳው ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስና ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ይህን አንድ የ8 ዓመት ልጅ ከአያቱ ቀድሞ ሊያውቅ ይችላል፤ አያቱንም በትሕትና ሊያስረዳ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ችላ የተባለው የገዛ ስምን ማወቅ ነው። በአካባቢያችን ብዙ ልጆች እናታቸውን በቁልምጫ ይጠራሉ፤ ሕፃኑ «እናትህ ማን ይባላሉ?» ቢባል «እማዬ» ይላል፤ «ቤታችሁ የት ነው?» ቢባል «እዚያ» ይላል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይ ሲደርስ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ዛሪማን አልፎ በሊማሊሞ ዳገት ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ተሰደደ። በእንዲህ ያለ ግርግር እጅ ለእጅ የተያያዘ እንኳ ይለያያል። የዚያን ጊዜ ለአንድ ሕፃን ከስንቁ ይልቅ የሚጠቅመው ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የእናቱን ትክክለኛ ስም፣ ቀበሌውን፣ የአንድ ዘመዱንም ስልክ ቁጥር በቃሉ መያዙ ነው። የሞባይል ቁጥር 10 አኃዝ ነው፤ «ሀ ሁ»ን በዜማ የሚል ልጅ 10 አኃዝ በዜማ ለመያዝ ከሳምንት በላይ አይፈጅበትም። ጦርነት ባይኖርም በገበያና በጥምቀት ሕዝብ መካከል ልጅ ይጠፋል። ለማን እንደሚናገርም አብረን እንንገረው፤ ለፖሊስ፣ ለካህን፣ ልጆች ለያዘች እናት እንጂ ከረሜላ ለሚሰጠው ሁሉ አይደለም።

ወደ ሥራው ስንገባ አንድ ነገር ያስቸግረናል፤ እርሱም ችኮላችን ነው። እኛ በሁለት ደቂቃ የምናጥበውን ኩባያ ሕፃኑ በሩብ ሰዓት ያጥበዋል፤ ውኃም ያፈሳል፣ አልፎ አልፎም ይሰብራል። (ለመለማመጃ የሸክላውን ገንቦ የሚሰጥ ሰው ካለ ቁጣው በራሱ ላይ ይሁን፤ የፕላስቲክ ዕቃ ሞልቷል።) መጀመሪያ ዝም ብለን እናሳየው፤ ቀጥሎ አብረነው እንሥራ፤ ከዚያ እርሱ ሲሠራ እጃችንን አጣምረን እንይ። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ እጃችን ሊነጥቀው ይቸኩላልና።

እንግዲህ እስከሚቀጥለው ወር ድረስ እያንዳንዳችን አንድ ሕፃንና አንድ ሥራ እንምረጥ። ከአንድ በላይ አንያዝ። ቁልፍ መቆለፍ፣ የጫማ ክር ማሰር፣ ካልሲ ማጠብ፣ መኪና የሚበዛበትን አስፋልት ቆሞ ግራና ቀኝ አይቶ መሻገር፣ የእናትን ስም መናገር፣ ከእነዚህ አንዱ ይበቃል። ሕፃኑ በደንብ ያላጠበውን ኩባያ ስታዩም እዚያው ፊቱ ነጥቃችሁ ደግማችሁ አትጠቡበት፤ የግድ መታጠብ ካለበት እርሱ ከተኛ በኋላ ይሁን።