ሞተሩ ዙር ይጨምራል፣ ጀልባው ግን አይፈጥንም

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲያትል ነው። በዋሽንግተን ሐይቅ ላይ የምነዳው ፈጣን ጀልባ ባለ 24 ኢንች ፒች ፕሮፔለር አለው፤ የማርሹ ምጣኔ 1.75 ነው። ሞተሩ በደቂቃ 5800 ዙር ሲዞር ጂፒኤሱ 62 ማይል በሰዓት ያሳያል። ኃይሉ የት ይባክናል?

መልስ፦ 5800ን በ24 አባዝተው ለ1.75 እና ለ1056 (ኢንች በደቂቃን ወደ ማይል በሰዓት ለሚቀይረው ቁጥር) ሲያካፍሉ ወደ 75 ማይል በሰዓት ይመጣል። ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን በጠጣር ነገር ውስጥ ቢሄድ የሚደርስበት ፍጥነት ይህ ነው። ከእርስዎ ልክ ጋር ያለው ልዩነት 18 በመቶ ገደማ ነው፤ በሚገባ በተስተካከለ ፈጣን ጀልባ ግን 10 በመቶ አካባቢ ይጠበቃል። ልዩነቱን ዜሮ ማድረግ አይቻልም፤ ክንፎቹ ውሃውን ወደ ኋላ ሳይገፉ ጀልባው ወደ ፊት አይሄድምና።

አዲስ ፕሮፔለር ለመግዛት አይቸኩሉ። ሞተሩን አጥፍተው፣ ቁልፉን ነቅለው የክንፎቹን ጠርዝ ይመርምሩ፤ ትንሽ መታጠፍ እንኳ ብዙ ፍጥነት ይወስዳል። ጠርዙ ደህና ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አየር ነው። ሞተሩ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ወይም ትሪሙ (የሞተሩ ወደ ውጭ ማዘንበል) ከበዛ ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፤ ዙሩ ይዘላል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ትሪሙን በጥቂቱ ይቀንሱ፤ ካልረዳ ሞተሩን አንድ ቀዳዳ ዝቅ ያድርጉ። በተመሳሳይ ነዳጅና ጭነት፣ አንድ ነገር ብቻ እየቀየሩ ይለኩ። ይህ ሁሉ ካልሠራ ባለ አራት ክንፍ ፕሮፔለር መሞከር ተገቢ ነው።

ጀልባው ከተንቀጠቀጠ፣ የማቀዝቀዣው ውሃ ግፊት ከወረደ ወይም ነዳጅ ሲሰጡ ሞተሩ በባዶ የሚዞር ከመሰለ (የፕሮፔለሩ የውስጥ ጎማ ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል) መንዳቱን አቁመው ለባሕር ሞተር መካኒክ ያሳዩ።