ከፕሮስቴት ኦፕራሲዮን በኋላ የፓቶሎጂው ወረቀት ምን ይላል?

ከሰቃ ወይም ከአጋሮ ተነሥቶ ጅማ ላይ የፕሮስቴት ዕጢ ኦፕራሲዮን የተደረገለት አባወራ፣ ቁስሉ ሲሽር ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ዕጢው ካንሰር ከነበረበት ግን ዋናው ወሬ ያለው ከወጣው ሥጋ ላይ ነው።

በመጀመሪያ የትኛው ኦፕራሲዮን እንደተሠራ ይጠይቁ። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ሆኖ የሽንት ቧንቧን የከበበ ዕጢ ነው። በዕድሜ ምክንያት አድጎ ሽንት ሲከለክል የሚወጣው የውስጡ ክፍል ብቻ ነው፤ የውጪው ክፍል እዚያው ይቀራል። ስለዚህ «ፕሮስቴቴ ወጥቷል፣ ካንሰር አይዘኝም» ማለት ስሕተት ነው። ለካንሰር ሲሆን ዕጢው በሙሉ፣ ከዘር ፈሳሽ ከረጢቶቹ ጋር ይወጣል። በሁለቱም ጊዜ ሥጋው በፎርማሊን ተነክሮ ለፓቶሎጂ ምርመራ መላክ አለበት። ዕቃውን ቤተሰብ እንዲያደርስ ከታዘዘ፣ እባክዎን «ነገ» አይበሉ።

ዕጢው በሙሉ ሲወጣ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ አይቶ ደረጃ ያወጣለታል። የቡና አገር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ትል እሸቱ ውስጥ መሆኑና ልጣጩን በስቶ መውጣቱ አንድ አይደለም። ካንሰሩ ከዕጢው ሳይወጣ ከተገኘ «ፒቲ 2» ተብሎ ይጻፋል። ዳሩን አልፎ ከወጣ «3 ኤ»፣ ከዘር ፈሳሽ ከረጢት ከገባ ደግሞ «3 ቢ» ነው። (እንደ ቡናው ሁሉ ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል።)

ቀድሞ «ፒቲ 2» ራሱ፣ ካንሰሩ በአንድ ጎን ነው ወይስ በሁለቱም እየተባለ በሦስት ይከፈል ነበር። ክፍፍሉ ግን በሽታው በማን ላይ እንደሚያገረሽ በደንብ አልለየም። ስለዚህ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው 8ኛው የአሜሪካ የካንሰር ጥምር ኮሚቴ መመሪያ አስቀረው። የሚለዩት ሌሎች ናቸው። ካንሰሩ የተቆረጠበት ጠርዝ ላይ ደርሷል ወይ? ንፍፊቶች ውስጥ ገብቷል ወይ? ከዳር የወጣው በጥቂቱ ነው ወይስ በሰፊው? ከሁሉም በላይ የግሊሰን ነጥብ አለ። ዶክተር ዶናልድ ግሊሰን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጡት ይህ መለኪያ የካንሰሩን ሕዋሳት አቀማመጥ አይቶ ክፋታቸውን ይመዝናል፤ ዛሬ ከ1 እስከ 5 ባሉ ምድቦች ይጻፋል።

ዕጢው በሙሉ ከወጣ በኋላ ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራ ውጤት የማይታይ ያህል መውረድ አለበት። 0.2 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከደረሰና በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ እንደ ማገርሸት ይቆጠራል። በጊዜ ከተደረሰበት የጨረር ሕክምና ብዙዎችን ይረዳል፤ ስለዚህ ሕመም የለኝም ብለው ቀጠሮ አያሳልፉ።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባልና ሚስት ሊነጋገሩበት የሚገባ ነገርም አለ። ዕጢው በሙሉ ከወጣ በኋላ የዘር ፈሳሽ አይወጣም፤ በተፈጥሮ መንገድ ልጅ መውለድም ያበቃል። የብልት መቆምም ሊዳከም ይችላል፤ ነርቮቹን ማትረፍ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ሁለታችሁም ሆናችሁ ጠይቁ። ለቀጠሮ ስትሄዱም የፓቶሎጂውን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ኮፒው ቤት ይቀመጥ።