በሴንት አንድሩስ ኦልድ ኮርስ የጎልፍ አጨዋወት

በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚገኘው የሴንት አንድሩስ ኦልድ ኮርስ ሊንክስ ከሚባሉት የጎልፍ ሜዳዎች አንዱ ነው፤ ሊንክስ በባሕሩና በእርሻ መሬቱ መካከል የተዘረጋ፣ ዛፍ የማይበዛበት አሸዋማ ሜዳ ሲሆን፣ ውሃ ቶሎ ስለሚሰርግበት መሬቱ ጠንካራ፣ ሣሩም ስስ ስለሆነ ኳሷ ካረፈች በኋላ ብዙ ትንከባለላለች። በዚህም የተነሣ ተጫዋቹ ኳሷ የት እንደምታርፍ ብቻ ሳይሆን፣ ካረፈች በኋላ ወዴት እንደምትሮጥ አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ሥራ ባንዲራው የት እንደተተከለ ማረጋገጥ ነው። ከ18ቱ ጉድጓዶች 14ቱ በ7 ሰፋፊ ግሪኖች ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገኛሉ፤ ግሪን ማለት ጉድጓዱ ያለበት፣ ሣሩ እጅግ አጥሮ የተቆረጠ መደብ ነው። የጥንዶቹ ቁጥር ሲደመር ሁልጊዜ 18 ይሆናል፣ ለምሳሌ 2ኛው ከ16ኛው፣ 5ኛው ከ13ኛው ጋር ግሪን ይጋራሉ፤ በመሄጃው ጉዞ ያሉት ባንዲራዎች ነጭ፣ በመመለሻው ያሉት ቀይ ናቸው። የባንዲራው ቦታ ከታወቀ በኋላ ወደ እርሱ የሚወስደው ምቹ ማዕዘን ይመረጣል፣ የመጀመሪያው ምትም ከዚያ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይወሰናል።

ቀጥሎ የሚመጣው የወገን ምርጫ ነው። በአብዛኞቹ ጉድጓዶች ቀኙ እሾሃማ ቁጥቋጦ ወይም የሜዳው ወሰን ሲሆን፣ ግራው ከጎረቤት ጉድጓድ መጫወቻ ጋር ስለሚገናኝ ሰፊ ነው። ጀማሪ ወደ ግራ ቢያዘነብል ይጠቀማል፤ ሆኖም ከግራ ወደ ግሪኑ የሚወስደው መንገድ ብዙ ጊዜ በባንከር፣ ማለትም በአሸዋ ጉድጓድ፣ ስለሚዘጋ፣ የዛሬው ደኅንነት በሚቀጥለው ምት ዋጋ ያስከፍላል። ሜዳው ጥንት በተቃራኒው አቅጣጫም ይጫወቱበት ስለነበር፣ አንዳንዶቹ ባንከሮች ከመነሻው አይታዩም፤ ቦታውን የሚያውቅ ካዲ፣ ማለትም መምቻ ተሸካሚና መካሪ፣ መያዝ ያለውን ጥቅም ማቃለል አይገባም።

ነፋስ ሲበረታ ምቱ ዝቅ ማለት አለበት። ተጫዋቹ ከተለመደው አንድ ወይም ሁለት ደረጃ የሚረዝም መምቻ ይወስዳል፣ እጀታውን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይይዛል፣ ኳሷን ከተለመደው ቦታ ወደ ኋላ እግሩ ጠጋ አድርጎ ይቆማል፣ እጆቹም በምቱ ቅጽበት ከኳሷ ፊት እንዲገኙ ያደርጋል፤ ከመታ በኋላም እጆቹን ወደ ላይ ሳይሰቅል ደረቱ አካባቢ ያቆማቸዋል። ከሁሉም በላይ አጥብቆ ከመምታት መቆጠብ ይገባዋል፣ ምክንያቱም ኃይል ሲጨመር ኳሷ ወደ ኋላ የምትሽከረከርበት ፍጥነት ይጨምራል፣ እርሱም ወደ ላይ ያነሣትና ለነፋሱ አሳልፎ ይሰጣታል። አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ መጫወት የለመደ ሰው፣ በባሕር ጠለል ላይ ኳሷ እንደምታጥርበት አውቆ መምቻውን መምረጥ አለበት።

መሬት ለመሬት ማንከባለል የማይቻልባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ከእነርሱ ዋነኛው 1ኛው ጉድጓድ ነው። ስዊልከን የተባለው ጠባብ ጅረት ልክ ከግሪኑ ፊት ስለሚያልፍ፣ ሁለተኛው ምት ጅረቱን በአየር መሻገር አለበት፣ ለዚህም ከሚያጥር መምቻ የሚያልፍ መምቻ ይሻላል።

ባንከሮቹ 112 ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ጥልቅና ግድግዳቸው በተነባበረ የሣር ጓል የተሠራ ነው። ታይገር ዉድስ እ.ኤ.አ. በ2000 ኦፕን የተባለውን የጎልፍ ሻምፒዮና እዚህ ያሸነፈው በ72 ጉድጓዶች አንድ ጊዜም ባንከር ሳይገባ ነበር። ኳሷ ከግድግዳው ሥር ካረፈች ወደ ግሪኑ መምታት ከንቱ ሙከራ ነው፤ ወደ ጎን አልፎም ወደ ኋላ ማውጣት ይበጃል። ይህም ካልተቻለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ደንብ በአንድ የቅጣት ምት በባንከሩ ውስጥ፣ በሁለት የቅጣት ምት ደግሞ ከባንከሩ ውጭ ኳሷን መጣል ይፈቅዳል። በ14ኛው ጉድጓድ ያለውና «ሲኦል» የተባለው ግዙፍ ባንከር ይህን ምክር የሚንቁትን ክፉኛ ይቀጣል።

ከሁሉ የሚከብደው 17ኛው ነው። ፓሩ፣ ማለትም ለጥሩ ተጫዋች የተመደበው የምት ብዛት፣ 4 ነው፤ የመጀመሪያው ምት በአንድ ሆቴል ዳር ካለው መጋዘን መሰል ግንብ በላይ ይሻገራል፣ ግሪኑም ጠባብና ረጅም ሲሆን ከፊቱ በስተግራ ጥልቅ ባንከር፣ ከኋላው መንገድና የድንጋይ አጥር አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዚሁ የኦፕን ሻምፒዮና ጃፓናዊው ቶሚ ናካጂማ በሁለት ምት ግሪኑ ላይ ደርሶ ሳለ፣ በፓተር፣ ማለትም በማንከባለያ መምቻ፣ የመታት ኳስ ወደ ባንከሩ ገብታበት ጉድጓዱን በ9 ምት ጨረሰ። ስለዚህ አብዛኛው ተጫዋች ሁለተኛውን ምት ከግሪኑ ፊት በስተቀኝ አሳጥሮ ማስቀመጥ፣ ከዚያ በፓተር ወደ ላይ ማንከባለልና 5 ምትን እንደ መልካም ውጤት መቀበል ይገባዋል።

በ18ኛው ተጫዋቹ ከፊቱ በሚታየው የጎልፍ ክለብ ሕንጻ ላይ ያለውን ሰዓት አነጣጥሮ ይመታል፣ በስተቀኝ ያለው አጥር የሜዳው ወሰን ነውና። ከግሪኑ ፊት «የኃጢአት ሸለቆ» የሚባል ረባዳ ስላለ፣ ደካማ ምት ወደዚያው ተንከባልሎ ይመለሳል። ኳሷ ረባዳው ውስጥ ከቀረች ፓተር ከሁሉ የተሻለ መምቻ ነው፤ ጣሊያናዊው ኮስታንቲኖ ሮካ እ.ኤ.አ. በ1995 ከዚያው ረባዳ በፓተር አስገብቶ የኦፕን ሻምፒዮናውን ወደ ተጨማሪ ጨዋታ ወስዷል። ኃይሉ የሚለካው እስከ ጉድጓዱ ሳይሆን ትንሽ አልፎት እስከሚሄድ ድረስ ነው።