ሊቲየምን ከጨው ሐይቅ የሚለቅሙ ቅንጣቶች

ነበልባሉ የሚደብቀው

ከጨው ሐይቅ አንድ ጠብታ በሽቦ ጫፍ ይዛችሁ ነበልባል ውስጥ ብታስገቡ የምታዩት ቢጫ ብቻ ነው፤ ሶዲየም ነው። ሊቲየም ለብቻው ቢሆን ኖሮ ነበልባሉ ደማቅ ቀይ ይሆን ነበር። የስልካችን ባትሪ የሚፈልገው ይህንኑ የተሸፈነውን ነው። ወንፊት እዚህ አይረዳም፤ ሁሉም በውሃው ሟምቶ ስላለ አብሮ ያልፋል።

ፀሐይ የማትለየው

አፍዴራ ላይ ጨው የሚመረተው ውሃው በገንዳ ተኝቶ በፀሐይ ሲተን ነው። በቺሊው አታካማ ሊቲየምም በዚሁ መንገድ ይገኛል፤ ሌሎቹ ጨዎች በየተራ ይረጋሉ፣ እሱ ፈሳሹ ውስጥ እየበዛ ይሄዳል። ዓመት ከመንፈቅ ሊፈጅ ይችላል። በቻይናው ቻርሃን ሐይቅ ግን ለአንድ እጅ ሊቲየም በመቶዎች የሚቆጠር እጅ ማግኒዚየም አለ፤ ውሃው በተነነ ቁጥር ሁለቱ አብረው ይበዛሉ።

የእንጀራው ዓይን

ሊቲየምን ከውሃው ለቅሞ የሚይዝ፣ አድሶርበንት የሚባል ቁስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በፋብሪካ ረጅም ልምድ ያለው ከአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ የሚሠራው ነው። ተነባብሮ የተቀመጠ እንጀራ አስቡ። ሊቲየም በእያንዳንዱ እንጀራ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ክሎራይድ ደግሞ በእንጀራና በእንጀራ መካከል ይቀመጣል። ሶዲየምና ፖታሲየም ለዓይኑ ይገዝፋሉ።

ማግኒዚየምስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም የሊቲየም አዮን ራዲየስ 76 ፒኮሜትር ሲሆን የማግኒዚየም 72 ነው። በመጠን ቢሆን ይገባ ነበር። ነገር ግን አዮን ውሃ ውስጥ የሚዞረው የውሃ ሞለኪውሎችን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ነው፤ ዓይኑ ውስጥ ለመግባት ጋቢውን ማውለቅ አለበት። ማግኒዚየም ቻርጁ ሁለት ስለሆነ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፤ እሱን ለማራቆት የሚጠይቀው ኃይል ከሊቲየም ሦስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ እንደተከናነበ ያልፋል።

ማጠቡ

የአድሶርበንቱ ቅንጣቶች ረጅም ቱቦ ውስጥ ይሞላሉ፣ ጨዋማው ውሃ በላያቸው ያልፋል፤ ሲጠግቡ በንጹሕ ውሃ ይታጠባሉ፣ ሊቲየሙም ከክሎራይዱ ጋር ይለቃል። አሲድ አያስፈልግም። ከማንጋኒዝ ኦክሳይድ የሚሠራው ሌላው ዓይነት ግን በአሲድ ነው የሚታጠበው፤ በየዙሩም ማንጋኒዙ ትንሽ ትንሽ እየሟሟ ያልቃል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን ይህ ነው፦ ሊቲየሙን ሙልጭ አድርገን ብናወጣ የእንጀራው ንብርብር ይፈርሳል፤ ዳግመኛ አይቀበልም። ስለዚህ በማጠቢያው ውሃ ውስጥ ሆን ተብሎ ትንሽ ሊቲየም ክሎራይድ ይጨመራል፣ ከዓይኖቹም የተወሰኑት እንደተሞሉ ይተዋሉ።

ንጹሑ ውሃ ከየት ይመጣል?

በአርጀንቲና ካታማርካ ግዛት፣ ሆምብሬ ሙዌርቶ በተባለው የጨው ሜዳ፣ ይህ ዘዴ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ይሠራበታል። ቦታው 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ደረቅ ምድር ነው። ጨዋማው ውሃ ሞልቷል፤ የሚያጥበው ንጹሕ ውሃ ግን ከጥቂት ወንዞች ይቀዳል፣ ከብት የሚያረቡትም በእነዚሁ ወንዞች ነው የሚኖሩት። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የትራፒቼ ወንዝ ያጠጣው የነበረው ረግረጋማ መስክ ደርቋል። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 በሎስ ፓቶስ ወንዝ አካባቢ የሁሉም የሊቲየም ሥራዎች ድምር ጉዳት እስኪጠና ድረስ አዲስ ፈቃድ እንዳይሰጥ አዘዘ።