ደብዳቤውን ወደ ጀርመንኛ ከመመለስዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ጀርመን ከኢትዮጵያ ቡና ዋና ገዢዎች አንዷ ናት። ስለዚህ ጌጫ ከተማ ላለ የቡና ማኅበር ከሐምቡርግ ወይም ከብሬመን ቡና ቆዪ ጋር መጻጻፍ እንግዳ ነገር አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው አዲስ አበባ ያለው ላኪ ለስልክ ወሬ በሚሆን እንግሊዝኛ የጻፈውን ወደ ጀርመንኛ ይመልሱ ሲባሉ ነው።

ከሁሉ በፊት ግሱን ተከትሎ የመጣውን ይመልከቱ። «ዊ ፑሽድ ባክ ዘ ሺፕመንት» ማለት ጭነቱን አዘገየነው ነው። «ዊ ፑሽድ ባክ ኦን ዘ ፕራይስ» ግን በዋጋው አልተስማማንም፣ ተከራከርን ነው። ልዩነቱ «ኦን» የምትባለው ትንሽ ቃል ናት፤ እሷን ያላየ ሰው ክርክሩን ወደ መዘግየት ይለውጠዋል፣ ገዢውም ዋጋው ያለቀ መስሎት ይጠብቃል። ለመጀመሪያው ጀርመንኛው «ፈርሺበን» ይበቃል። ለሁለተኛው በዋጋው ላይ «አይንቬንደ» አለን፣ ማለትም ተቃውሞ አለን፣ ብለው ይጻፉ። «ፈርሺበን»ም ብቻውን ቀኑ ወደፊት ይምጣ ወደ ኋላ ይሂድ አይናገርም። አዲሱን ቀን በቁጥር ካልጻፉ ትርጉሙ ጎደሎ ነው።

አንዳንድ የጀርመንኛ ግስ ደግሞ ራሱ ይከፈላል። «አብዛገን» መሰረዝ ነው፤ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ «አብ» ተገንጥላ መጨረሻ ላይ ትቀመጣለች፣ ብትረሳ ስረዛው ይጠፋል። በስልክ ሲነጋገሩ ደግሞ ድምፅዎ የት ላይ እንደሚበረታ ይጠንቀቁ፦ «ኡምፋረን» መጀመሪያው ላይ ሲበረታ በመኪና ገጭቶ መጣል ነው፣ «ፋ» ላይ ሲበረታ ዞሮ ማለፍ። ክረምት መንገዱን ሲያበላሸው ጭነቱ በሌላ በኩል ዞሮ ይመጣል ለማለት የሚፈልጉ እርስዎ ነዎት።

ላኪውና ገዢው በእንግሊዝኛ ምን ያህል ተቀራርበው እንደሚያወሩ አይተው አይመሩበት። እንግሊዝኛ «አንተ»ና «እርስዎ»ን አይለይም፤ ጀርመንኛ እንደ አማርኛ ይለያል። «ዚ» ብለው ይጀምሩ። «ዱ» እንባባል የሚለውን በልማዳቸው የሚያቀርበው በዕድሜ ወይም በሥልጣን የሚበልጠው ነው፣ ጥያቄው ከዚያ ወገን ይምጣ።

የስልክ መተርጎሚያ ሲጠቀሙ ግሱን ብቻ ነጥለው አይስጡት፤ መልእክቱን ሙሉውን ያስገቡ፣ የወጣውንም መልሰው ያንብቡ። ከዚያ በፊት ግን ሐሳቡን በአማርኛ ወይም በሸኪኖኖ ለራስዎ ይናገሩት። እኛ «ብድግ አለ» እና «ዝም አለ» ስንል የ«አለ»ን ትርጉም ለብቻው ፈልገን አናውቅም፤ እንግሊዝኛውን «ሆልድ ኦፍ»ንም (ለጊዜው ማቆየት) እንዲሁ እንደ አንድ ቃል ይስሙት። በራስዎ ቋንቋ ጥርት ብሎ ካልወጣልዎ በጀርመንኛም አይወጣም፣ መተርጎሙን ይተዉት።

ጉዳዩ ውል ውስጥ የሚገባ ከሆነ ደግሞ የወሬ ቃል ፈጽሞ አይመልሱ። ላኪውን «ስንት ኩንታል፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ዋጋ እንደሆነ በግልጽ ጻፉልኝ» ይበሏቸው፤ ወደ ጀርመንኛ የሚሄደው እሱ ይሁን።